የአርባ ጎጆ ሕግ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ማሳው ከመንደሩ የመስኖ ቦይ ጭራ ላይ። ጥያቄህን ረስቼው አይደለም። የጎጥህ ሰዎች በመረጡህ ማግስት መጥተህ «አርባ ጎጆ ብቻ ሆነን የራሳችንን ሕግ ማውጣት እንችላለን ወይ? ብንችልስ እስከ የት?» አልኸኝ። መልሱ ከዚህ ገበሬ ዘንድ ነውና ስማኝ።

የዚያ መንደር ሰው ውሃ የሚያጠጣው እንደ ጉልበቱ ነበር። የላይኛው ሲጠግብ ለመካከለኛው ይለቃል፤ መካከለኛው ሲጠግብ የሚተርፍ የለም። ገበሬው በየዓመቱ ሽንኩርት ይተክላል፤ በየዓመቱም ሽንኩርቱ ቅጠሉን አጥፎ ይተኛበታል። ጎረቤቶቹን ቢለምን ሳቁበት። በመጨረሻ ስንቁን ቋጥሮ ሁለት ቀን ተጓዘና ከአገሩ ዳኛ ፊት ቆሞ ለውሃው ሕግ እንዲያወጡለት ለመነ።

ዳኛው ፈገግ አሉ። «የአገሩ ሕግ ውሃው የሁላችሁ ነው ይላል፤ ማክሰኞ የማን ተራ እንደ ሆነ ግን አይናገርም። እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሂድና ተማክራችሁ ደንግጉ» አሉት።

ሰውዬው እግሩ መሬት የነካም አልመሰለው። የሁለቱን ቀን መንገድ በአንድ ቀን ጨረሰው። ለካስ ሕግ ከሩቅ ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም! መንደሩም ይህን ሲሰማ እንደ ሠርግ ቤት ደራ። ወንዱም ሴቱም ከዋርካው ሥር ተሰበሰበና ደነገገ፦ የሰው ጥላ በእግር ተለክቶ ሰባት ሲሞላ ውሃው ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ተራ የሰረቀ እሳት የሚሰጠው፣ ደቦ የሚወጣለት ጎረቤት አይኖርም። የላይኛው ባለማሳ እያጉረመረመ ተስማማ። ገበሬውንም ተራ የሚያስከብር የውሃ አባት አድርገው ሾሙት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ ቢያሾፉበትም ከተራው አንዲት እግር ጥላ አላሳለፈም። ውሃው ከሽንኩርቱ የደረሰ ዕለት ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ አለቀሰ፤ ሚስቱ እልል አለች።

ደስታ ግን ልጓም ይፈልጋል። መንደሩን ሕግ ማውጣት ጣፈጠው። አጥር የጣሰ ፍየል ባለቤቱ አጥሩን መልሶ ይጠር ተባለ፤ ደግ። በሚጮኽ ውሻ ጉዳይ ግማሽ ቀን ተከራከሩ፤ ይሁን። ውሃው በተራ ከሆነ ወዲህ ትርፉ ወደ ታችኛው መንደር ይወርድ ጀምሮ ነበርና፣ አንዱ ብድግ ብሎ «ከወሰናችን በታች አንዲት ጠብታ አትለፍ» የሚል ሕግ አመጣ፤ በጭብጨባም ጸደቀ። ገበሬውም አጨበጨበ፤ እጁ ከልቡ ቀደመ። በገዛ ማሳው ጫፍ ላይ ቦዩን በድንጋይና በጭቃ የደፈነውም እሱ ነው።

በአሥረኛው ቀን ከታችኛው መንደር አንድ ሽማግሌ መጣ። አልጮኸም፣ አልተራገመም። በእጁ የያዘውን የጠወለገ የሽንኩርት ችግኝ ከድፍኑ ላይ አኖረና «ሕጋችሁ ደርሶኛል፤ ውሃው ግን አልደረሰኝም። ከዋርካው ሥር ስትመክሩ የጠራኝ አልነበረም፤ ታዲያ እኔ ላይ የሚፈርደው እንዴት ነው?» አለ።

ገበሬው ችግኙን አየው። ቅጠሉን አጥፎ የተኛ ሽንኩርት ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የቦዩ ጭራ እሱ ብቻ መስሎት ኖሮ፣ ለዚህ ሰው የላይኛው ባለማሳ እሱ ራሱ ሆኗል። አፈረ። ሕጉን ቢያፈርስ እሳት የሚሰጠው የለም፤ ቢያከብር ያ ሽማግሌ ዐይኑ እያየ ይራባል። ዶማውን አነሣና በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው ድፍኑን ናደው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ዋርካው ሄደ።

«ሕግ አፍርሻለሁና ፍረዱብኝ» አላቸው። «በኔ ላይ ስትጨርሱ ግን በሕጉም ላይ ፍረዱበት።»

መንደሩ ተንጫጫ፤ ግማሹ ይባረር አለ፣ ግማሹ አቀረቀረ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሕጉ ተሻረ። ለታችኛው መንደር በሳምንት ሁለት ቀን ተሰጠ፤ የውሃ ነገር ሲነሣም ከነሱ ሁለት ሰዎች ከዋርካው ሥር እንዲቀመጡ ተባለ። ገበሬውን ግን አልማሩትም። ያፈረሰው ሕጉ ገና ሳይሻር ነውና ሰባት ቀን ለቦዩ ጥገና ድንጋይ ተሸከመ። እየዘፈነ ተሸከመው፤ የታችኛው ሽማግሌም ሳይጠሩት መጥቶ አገዘው።

እንግዲህ ልጄ፣ ገበሬው አንተ ነህ፤ ዋርካውም የጎጥህ ሸንጎ ነው። አርባ ጎጆ ሕግ ማውጣት ይችላል ወይ? ይችላል እንጂ! ማክሰኞ የማን እንደ ሆነ ከናንተ የተሻለ የሚያውቅ ንጉሥ የለም። እስከ የት ላልኸኝ ደግሞ፣ ሕጋችሁ የሚሄደው ስትመክሩ አብሯችሁ እስከ ተቀመጠው ሰው ድረስ ነው። አሁን ሂድ፤ ሰዎችህን ሰብስብ። ከመጀመርህ በፊት ግን ቦዩን ተከትለህ ወደ ታች ውረድና ማን እንዳለ እይ።