የጽዋው ተራ

ውሃ ብትጠጣ እንኳ ሥጋ የሚሆንላት አንዲት ሴት ነበረች። ፍልሰታን አንድም ቀን ሳታጎድል ጾማ፣ ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን የማርያም ማኅበር ወደተጠራበት ቤት ሄደች። በሚቀጥለው ወር የመደገሱ ተራ የእሷ ነበርና፣ ጽዋውን ተቀብላ በእልልታ ወደ ቤቷ የምትገባበትን ቀን ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ኖራለች።

ቄሱ ጽዋውን አንሥተው ሊሰጧት ሲሉ፣ የማኅበሩ አለቃ ባላምባራስ ይመኑ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው።

«ቆዩ እስቲ፣ አባ። ይቺ ሴት የሁለት ሰው ቦታ ይዛ ነው የተቀመጠችው። እኛ በጾሙ ስንከሳ እሷ ትወፍራለች። የጾመ ሰው ገላው ይናገራል፤ ተደብቃ የምትበላ ሴት የእመቤታችንን ጽዋ ቤቷ አታስገባም። ጾሜያለሁ ካለች ምስክር ታቅርብ።»

አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፣ አንዳንዱ ሳቀ። የሴትዮዋ ፊት ጋለ፤ ብቻዋን የምትኖር ሰው ምስክር ከየት ታመጣለች? ነጠላዋን አስተካክላ በዝግታ ተነሣች።

«ምስክር እንኳ የለኝም፣ ጌታዬ» አለች። «ጾም በገላ የሚታወቅ ከሆነ ግን ተራዬን እለቃለሁ። የመጡባት በቅሎ ደጅ ታስራ ቆማለች፤ የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በደብሩ ሁሉ እንደ እሷ የጾመ የለምና፣ ጽዋው ከእኔ በፊት የሚገባው ለእሷ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቄሱ ብቻ ሳይስቁ፣ ጽዋውን እንደያዙ ወደ ባላምባራስ ዞሩ።

«እንግዲህ ለየትኛዋ ላስረክብ?»

ባላምባራስ በአገጫቸው ወደ ሴትዮዋ ጠቆሙ።