በር ከፋቹ ደብዳቤ

አንድ ጊዜ፣ የዱር እንስሳት በኢሜይልና በብራውዘር መገልገል በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ቢጫ በለበሰበት ሳምንት፣ አህያ የግልገሎች በረት ጠባቂ ነበር። የበረቱ በር፣ እንደ ዱሩ በሮች ሁሉ፣ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በኮምፒውተር ነው። ኢሜይሉንም ብራውዘሩንም የሠራችው ጉሬዛ ናት፤ በሥራዋ ትኮራለች፤ ሥራዋም የሚያስኮራ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ አህያ የአበባ ሥዕል ያለበት ደብዳቤ ደረሰው። ከፍቶ አየው እንጂ ሌላ ምንም አልነካም። የበረቱ በር ግን በራሱ ተከፈተ። አህያ ሮጦ በጀርባው ገፍቶ ዘጋው፤ በገመድም ጠፍሮ አሰረው። ነገሩን ከመረመረ በኋላ ወደ ጉሬዛ ገሠገሠ።

«እመቤቴ፣ ኢሜይሉ ሥዕል ለማሳየት ብራውዘሩን ይጠራል፤ ብራውዘሩም በሥዕሉ ውስጥ የተሸሸገውን ትእዛዝ ሳይጠይቅ ይፈጽማል።»

«ይህን ማን ነገረህ?»

«ማንም። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ከፈትሁት፤ ሦስት ጊዜም በሩ ገመዱን ጎተተ።»

«አያ አህያ፣ አንተ ጭነትህን ተሸከም፤ ፕሮግራሙን ለእኔ ተወው።»

አህያ ጆሮዎቹን አቀና። «ጭነት ስለምሸከም ነው የመጣሁት። የላላ ማሰሪያ ጭነቱ ሳይወድቅ ይታወቀኛል። ካላመኑኝ ደብዳቤውን ልላክልዎ፤ ይክፈቱት።»

ጉሬዛ ፈገግ ብላ ከፈተችው። የገዛ ቤቷ በር ወለል ብሎ ተከፈተ።

በሯን መልሳ ዘጋች። ከዚያም ተቀምጣ ቀዳዳውን ደፈነች፤ ማስተካከያውንም ለዱሩ ሁሉ ላከች። ከላዩ ላይ «ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ያገኘው አህያ ነው፤ ዛሬውኑ ጫኑት» ብላ በስሟ ፈረመች። ከጅብ በቀር ሁሉም ጫነው፤ እሱ አጥንት እየቆረጠመ ነበር።

በማግስቱ ጅብ ከበረቱ ደጃፍ ቆሞ ለቀበሮ ደወለ። ደብዳቤውን የሠራችለት እሷ ነበረች።

«እመት ቀበሮ፣ ደብዳቤውን ዛሬም ላክሁ፤ አህያም ሲያነበው አየሁ፤ በሩ ግን ንቅንቅ አላለም።»

«ተበላሽቶ ይሆናል፣ አያ ጅቦ። እስቲ አንተው በስልክህ ክፈተው።»

ጅብ ከፈተው። ከወንዙ ማዶ የገዛ ዋሻው በር ተከፈተ፤ እዚያው ስትጠብቅ የነበረችው ቀበሮም ገብታ ያከማቸውን ሥጋ ይዛ ሄደች።

«አሁንም አልተከፈተም» እያለ ጅብ በረቱ ላይ እንዳፈጠጠ ዋለ። ግልገሎቹም አንድ ሳይጎድሉ ሲቦርቁ ዋሉ።

ከዓመታት በኋላ አህያ አንድ ነገር ሰማ፦ ጉሬዛ አዲስ ባለሙያ በቀጠረች ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተር አታስነካውም፤ ጭነት አሸክማ ዳገት ታስወጣዋለች።

ከዚህ የምንማረው በሥራ መኩራት ማለት «ጉድለት የለብኝም» ማለት ሳይሆን፣ ጉድለቱን ከማንም አፍ ቢሆን ሰምቶ ከሌባው ቀድሞ መድፈን መሆኑን ነው።