የፊታውራሪ ጓንጉል ስልክ

ፊታውራሪ ጓንጉል ለአገሩ የመጀመሪያውን ስልክ ባስገቡ ጊዜ፣ ምሰሶው ማሳዋ መሀል የተተከለባት አንዲት ምላሰኛ ባልቴት «ለእኛ ምን ይፈይዳል?» ማለቷ ተነገራቸው።

አስጠርተው ሕዝብ ፊት አቆሟትና የስልኩን እጀታ ጆሯቸው ላይ እንደ ለጠፉ፣ «አዲስ አበባ ያለ ሰው ሹክ ሲል ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ! አንቺ ግን ሥልጣኔን ነቀፍሽ አሉ። እስቲ ድገሚው፤ ጅራፉ ተዘጋጅቷል» አሏት።

የባልቴቷ ምላስ ግን አልታሰረም። ለጥ ብላ እጅ ነሣችና፣ «ኧረ ተሳስቼ ነው ጌታዬ! የአዲስ አበባን ሹክሹክታ ካሰማ ለእኛም ይበጀናል። እባክዎ የስልኩን አንድ ጫፍ ደጅዎ ላይ ያስተክሉልን፤ እዚያ ቆመን ‹አቤት! አቤት!› ስንል ድምፃችን እልፍኝዎ መድረስ አቅቶት ኖሯል» አለቻቸው።

ሕዝቡ በሳቅ አወካ። ጅራፉን የያዘው ገራፊም አብሮ ሳቀ፤ ታዲያ ማን ይግረፋት?