የስንሻው ወናፍ

በድሮ ዘመን፣ ጦጣ ነጋዴ በነበረችበት ጊዜ፣ ስንሻው የሚባል ቀጥቃጭ ነበር። እጁ ብርቱ፣ አፉ ነጭናጫ። ቢነጫነጭስ ምን ይፈረድበታል? ስሙኝማ!

ስንሻው ማረሻ ይሠራል። ጎረቤቱ ደምመላሽ ከፍየል ቆዳ የተሰፋውን ወናፍ እየነፋ እሳቱን ያነድለታል። አገሩ ለማረሻው እህል ይሰፍርለታል፤ እሱም ሲደነዝዝባቸው በነጻ ይስልላቸዋል። ልማዱ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን እመት ጦጢት ከባሕር ማዶ ማረሻ ጭና መጣች።

"በስንሻው አንድ ማረሻ ዋጋ ሦስት ማረሻ! በፍየል ክፈሉኝ!"

አገር ምድሩ ፍየሉን እየጎተተ ወጣ፤ ጦጢትም እዚያው በረት ሠርታ አጎረችው።

በማግስቱ አንዱ ወደ ስንሻው መጣ። "አያ ስንሻው፣ እንዳንተ ማረሻ የለም! በል ይችን ሳልልኝ።" ማረሻዋ የጦጢት ናት። እየተነጫነጨ ሳለለት።

ሁለተኛው መጣ። "እንዳንተ ማረሻ የለም! በል ይችን ሳልልኝ።" እሷም የጦጢት ናት። ሳለለት።

ሦስተኛው መጣ። "እንዳንተ ማረሻ..." ገና ሳይጨርስ ስንሻው መዶሻውን መሬት ላይ ጣለው።

"እንደኔ ማረሻ ከሌለ ለምን አትገዙኝም? ምስጋናችሁን ቀቅዬ ልብላው?"

"የጦጢት ርካሽ ነዋ፣ አያ ስንሻው!"

እህል የሚሰፍርለት ጠፋ። ደምመላሽም "ልጆቼ ምን ይብሉ?" ብሎ ሄደና የጦጢት ፍየል ጠባቂ ሆነ። ወናፉ ያለ ሥራ ከርሞ ደረቀ፤ ተተረተረ።

ሰኔ ገባ። የጦጢት ማረሻ ድንጋይ ሲነካው ቅንጥስ! ሁሉም ወደ እሷ ሮጡ።

"አሁንማ አንዱ ማረሻ በጥማድ በሬ ነው" አለች ጅራቷን እያወዛወዘች።

ወደ ስንሻው ሮጡ።

"ወናፌ ተተርትሯል" አላቸው። "የፍየል ቆዳ አምጡልኝ፤ ሰፍቼ ዛሬውኑ እሳት አነዳለሁ።"

የምን ፍየል? ፍየሉ ሁሉ ጦጢት በረት ገብቷል! ሄደው ለመኗት።

"ቆዳማ ሞልቶኛል፤ በአንድ በሬ።"

ጉድ በሉ! የገዛ ፍየላቸውን ቆዳ!

"የማን በሬ ይሰጥ?" "ያንተ!" "የኔማ አይሆንም፣ ያንተ!" ስንሻው መሃላቸው ቆሞ "ኧረ እባካችሁ፣ ሰኔ እያለፈ ነው!" ቢል ማን ሰምቶት። እንደተጨቃጨቁ ክረምቱ አለፈ፤ መሬቱ ጦም አደረ።

በበጋ ጦጢት ባሕር ማዶ ደርሳ ተመለሰች። የጫነችው እህል ነበር።

"አንድ ዳውላ በአንድ በሬ!"

ያኔ "የማን በሬ?" ያለ የለም። እያንዳንዱ የየራሱን ጎትቶ ሰጠ። ስንሻው በሬ አልነበረውም፤ መዶሻውን ሰጠ።

ልጆቼ፣ ምስጋና ወናፍ አይነፋም። የአገራችሁን ባለ እጅ ሳትመግቡት ክረምት ሲመጣ አትጥሩት። እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ሂዱና ፍየላችሁን እሰሩ።