ሦስተኛዋ ጉልቻ

«እኔ እህት የለኝም አለች አሉ።»

ጠጄ ይህን ወሬ ለጎረቤቷ ለአንጓች ሳታደርስ ያለፈ ሳምንት የለም። ከገበያ ስትመለስ ትላታለች፤ ከቅዳሴ ሲወጡ ትላታለች፤ እሳት ልትጭር ጎራ ስትልም፥ ፍሙን በገል ይዛ በሩ ላይ ቆማ፥ እንዳዲስ ትላታለች። «ያቺ እህትሽ ይርገዱ፥ ስምሽ ሲነሣ ‹እኔ እህት የለኝም› አለች አሉ።» ማን ናቸው «አሉ» ባዮቹ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም። ጠጄ ይርገዱ ወዳለችበት ቆላ አንድ ቀን እንኳ አልወረደችም። ወሬ ግን እግር አያሻውም።

ዛሬ በደብረ ወይራ አንድ ሰው ሱባኤ ሊገባ ስንቁን ሲቋጥር ሽማግሌዎቹ አንዲት ቃል ጣል ያደርጉበታል። ሰሚው ይስቃል፥ አለዚያም ያኮርፋል፤ ከየት እንደ መጣች የሚጠይቅ ግን የለም። የመጣችው ከአንጓች ምድጃ ነው።

አንጓች ጧፍ ሠሪ ነበረች። ክሩን ራሷ ፈትላ፥ ሰሙን ራሷ አቅልጣ፥ በግራ እጇ ክሩን ወጥራ በቀኟ ሰሙን ታለብሰዋለች። በደብረ ወይራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ የሚበራው ጧፍ ሁሉ ከእሷ እጅ የወጣ ነበር። ደግሞ ታነባለች። ማንም አላስተማራትም። ጧፍ ልታስረክብ በሄደች ቁጥር የቆሎ ተማሪዎች ፊደል ሲቆጥሩ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች፥ ቤቷ ስትገባ ያየችውን በከሰል ግድግዳው ላይ እየጻፈች፥ በሦስተኛው ዓመት ዳዊት ደገመች፤ ከዚያም ወንጌሉን ያዘች። ከዚያ ወዲያ ሰባኪው ጥቅስ ሲያጓድል ከሴቶች በኩል ጉሮሮዋን የምትጠርገው እሷ ናት። ማንበብ የሚችሉት ፈሯት፤ የማይችሉት ደግሞ ሸሿት። ብቻዋን የቀረችው በዚህም በኩል ነው።

ከእህቷ የተለያየችው በእናታቸው ሞት ነው። እናታቸው ስታርፍ አንጓች የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። ለእርጉዝ መርዶ አይነገርም፤ የሆዷ እንዳይጎዳ ይደበቃል። ስለዚህ ታናሿ ይርገዱ እናቷን ብቻዋን ቀበረች። ውጭ አልቅሳ፥ ዓይኗን ታጥባ፥ አጥሚቱን ይዛ ትገባለች። አንጓች «እማ እንዴት ናት?» ስትላት «ደህና ናት፥ ትንሽ ወገቧን ነው እንጂ» ትላታለች። ልጁ ተወለደ፤ ክርስትናም ሳይነሣ ሞተ። ከዚያ መርዶው ተነገረ።

«አፈር እንኳ ሳላለብሳት!» አለች አንጓች። «‹ደህና ናት› እያልሽ በውሸት አጥሚት አጠጣሽኝ።»

«እንዳትጎጂብኝ ብዬ ነው፥ እትዬ።»

አንጓች በቀኝ እጇ በሩን አሳየቻት። ይርገዱ ወጣች፤ ባል አግብታ ወንዙን ተሻግራ ቆላ ወረደች። የአንጓች ባልም ዝምታው ከበደውና ሌላ ቤት ሠራ።

በሰባተኛው ዓመት ያ ቀኝ እጅ ዛለ። ጠዋት ስትነሣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጎኗ ተንጋሎ አገኘችው። መንደሩ እጁንና በሩን ለማገናኘት ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ጧፍ ደግሞ በአንድ እጅ አይሠራም። የተጀመረው ክር ከግድግዳው ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ፤ ሰሙም በማሰሮው ውስጥ ደረቀ። ቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ከከተማ ማስመጣት ጀመረ።

የነፍስ አባቷ መምሬ ተገኝ ሊጠይቋት መጡ።

«ጠበሉ ዘንድ ሱባኤ ልገባ ነው፥ አባ» አለቻቸው። «ሁለት ሱባኤ። ዐሥራ አራት ቀን።»

«ደግ አደረግሽ። ከዚያ በፊት ግን ቆላ ውረጂ።»

«ምን ላደርግ?»

«ምን እንደምታደርጊ ታውቂያለሽ። ለጸሎት በቆማችሁ ጊዜ ይቅር በሉ ይላል።»

«መባህን ስታቀርብ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ብታስብ፥ አስቀድመህ ሂድና ታረቅም ይላል» አለች አንጓች ከአፋቸው ነጥቃ። «ወንድምህ፥ በአንተ ላይ። እኔ እሷን አልበደልኳት፤ በእሷ ላይ ያለኝ እኔ ነኝ። በቃሉ ከሄድን መምጣት ያለባት እሷ ናት።»

መምሬ ተገኝ ሳቅ ሲመጣባቸው ጢማቸውን ያዙ። «አንቺ ልጅ፥ ወንጌሉን እንደ ርስት ሙግት ነው የምታነቢው።»

«ታዲያ ማን ሌላ ንባብ አስተማረኝ?»

«እሺ፥ እሷ ትምጣ። ስትመጣስ?»

«ስትመጣ ያን ጊዜ አያለሁ። ‹እህት የለኝም› ያለች ሴት ደግሞ ምን ልትሆን ትመጣለች?»

«እጅሽ ይነሣ አይነሣ እኔ አላውቅም፥ የሚያውቀው እሱ ነው» አሉ መምሬ ተገኝ፥ አሁን ሳቁ ጠፍቶባቸው። «ታረቂና ትድኛለሽ ብዬ አልዋሽሽም። ግን ሰው ብቻውን ሲታመም በሽታው ሁለት ይሆንበታል።»

«እልፍኝህ ገብተህ፥ መዝጊያህን ዘግተህ ጸልይ ነው የሚለው።»

«መዝጊያውን የምትዘጊው ለታይታ እንዳይሆንብሽ ነው። ሰው እንዳይገባ አይደለም።»

«እኔ የተጻፈውን ነው የማነበው፥ አባ።»

ከጠበሉ በላይ አንዲት የጭቃ ጎጆ ነበረች። አንጓች በሰኔ መግቢያ ገባችባት። ለበሽተኞቹ ጠበል የሚቀዱት እማሆይ ወለተ ሐና በየቀኑ አንድ ቅል ውኃና አንድ ጭብጥ የራሰ ሽምብራ በበሩ ሥር ባለችው ክፍተት እንዲያስገቡላት ተስማሙ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት አንጓች አንድ ነገር ጨመረች።

«እማሆይ፥ በኪዳነ ምሕረት ይዤዎታለሁ። ማን እንደ መጣ፥ ማን እንደ ሄደ እንዳይነግሩኝ።»

«ኧረ አንቺ ልጅ፥ በእሷ ስም ምን አስያዘሽ?»

«ይዤዎታለሁ።»

እማሆይ አማተቡ። በኪዳነ ምሕረት የተያዘ ሰው፥ የያዘው ራሱ ቃሉን እስኪያነሣለት ድረስ አፉን አይከፍትም። መዝጊያው ገጠመ።

አንጓች ውስጥ ሆና ሌላ ምንም አልለመነችም። ዳዊቷን ትደግማለች፥ ትሰግዳለች፥ በግራ እጇ ቀኟን አንሥታ ወደ ላይ ትይዘውና «እጅ ስጠኝ» ትላለች። «ሌላ አልጠይቅህም። እጅ።»

በስድስተኛው ቀን ከረፋዱ ላይ በበሩ ሥር ካለችው ክፍተት የሁለት እግር ጥላ ገባ። የእማሆይ አይደለም፤ የእማሆይ ጥላ በመቋሚያቸው ሦስት ነው። ጥላው አላንኳኳም፥ አልተጣራም። እስከ ቀትር ቆሞ ሄደ። በማግስቱም መጣ። በማግስቱ ግን አንድ ሳል ተሰማ፤ ደረቅ፥ አጭር፥ በመጨረሻው ላይ እንደ ማልቀስ የሚል ሳል።

ያንን ሳል አንጓች ታውቀዋለች። አንድ ቁርበት ላይ ተኝተው ባደጉበት ዘመን ሁሉ ጆሮዋ ሥር ሲሳል የኖረ ነው።

ግራ እጇ ወደ መወርወሪያው ሄደ። ደግሞ ቆመ። ሱባኤ የያዘን ሰው ሊፈትነው የሚመጣ፥ የሚወደውን ሰው መልክ ይዞ እንደሚመጣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰምታለች። መልክ የማይሳነው፥ ሳል ይሳነዋል? ይርገዱማ እህት የለኝም ብላለች፤ ጠጄ ነግራታለች። አንጓች እጇን መለሰችና ዳዊቷን ከፍ ባለ ድምፅ ትደግም ጀመር። ሳሉ በሦስተኛውም ቀን መጣ። በሦስተኛው ቀን ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ፤ ቀስ ብሎ፥ እንደ ተኛ ሕፃን። ከዚያ እግሩ ራቀ። ፈተናውን አለፍኩ ብላ አንጓች ዐርባ አንድ ጊዜ ሰገደች።

በዐሥራ አምስተኛው ቀን በሩን ከፈተች። እጇ እንደ ገባው ወጣ።

ደፉ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። እማሆይ ከጠበሉ መውረጃ ላይ ቆመው ዓይናቸውን ከድንጋዩ ወደ አንጓች፥ ከአንጓች ወደ ድንጋዩ ያመላልሳሉ።

«ድንጋዩን አየሽው?» አሉ።

«አየሁት። ደህና ጉልቻ ይወጣዋል። የቤቴ አንዷ ተሰንጥቃብኝ ማሰሮው ይንጋደድብኛል።»

እማሆይ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ውኃው ወረዱ።

በአንድ እጅ ስለማይያዝ አንጓች ድንጋዩን በነጠላዋ ጠቅልላ ማጅራቷ ላይ አሰረችው። መንገድ ላይ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ሞፈሩን አቁሞ አያት። ድንጋይ በማጅራቱ የተሸከመ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚሄድ በዚያ አገር ሕፃን ያውቃል፤ የበደለ ሰው ነው፥ በተበደለው ደጅ አንገቱን ደፍቶ ሊቆም ነው፥ ባለቤቱ ወጥቶ ሸክሙን እስኪያወርድለት ቃል አይተነፍስም።

«እግዜር ያስታርቅሽ፥ እቴ» አላት ገበሬው። «ለማን ነው?»

«ለሰም ማቅለጫ ነው» አለችው።

ገበሬው ሳቀ። እሷም ልትስቅ ብላ አቃታት። ጥቂት እንደ ሄደች ቆመች። ሳሉ ትዝ አላት። ደግሞ ጠጄ ትዝ አለቻትና መንገዷን ቀጠለች። ድንጋይ በሰው ማጅራት ላይ ሲሆን ይነበባል፤ መሬት ላይ ሲሆን ድንጋይ ነው። አንጓችም ከተጻፈ በቀር ሌላ ማንበብ አልተማረችም።

ክረምቱ ገባ። ወንዙ ሞላና ቆላና ደጋ ተለያየ። አንጓች የደረቀውን ሰም በአዲሱ ጉልቻ ላይ ጣደችው፤ ቀለጠም። ሌላ ቁራጭ ክር በጥርሷ ይዛ በግራ እጇ ሰም ልታለብሰው ሞከረች። የወጣው ጧፍ ጎባጣ ነበር። ለማንም አላሳየችውም፤ በዝናቡ ወራት ለራሷ እያበራች ጨረሰችው።

ጥቅምት ላይ ገና ጎሕ ሲቀድ ሦስት ሰዎች ደጇ መጡ። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ይርገዱን ወባ ወሰዳት አሉ። አንጓች ያን ዕለት ወንዙን ተሻግራ ወረደች። ስትደርስ አፈሩ ተመልሶ እሾህ ተከምሮበት ነበር። ይህችንም አፈር አላለበሰቻትም።

ቤቷ ተመልሳ ለቅሶ ተቀመጠች። ጠጄ አጠገቧ ሆና ከሁሉ በላይ ታለቅስ ነበር፤ «እኔማ ሰው ያለኝን ነው የነገርኩሽ» እያለች። በሦስተኛው ቀን፥ ለቅሶ ደራሹ ሲሳሳ፥ እማሆይ ወለተ ሐና መጡ። ከምድጃው አጠገብ ተቀመጡና ጠፍጣፋዋን ጉልቻ አዩዋት። ጥላሸት ለብሳለች፤ ሰም ወርዶባታል።

«አንጓች፥ ያን ቃል አንሺልኝ» አሉ።

«የቱን ቃል?»

«በኪዳነ ምሕረት የያዝሽኝን። ማን እንደ መጣ እንዳይነግሩኝ ያልሽውን። ሱባኤዬ እስኪያልቅ ብትዪ ኖሮ በዐሥራ አምስተኛው ቀን በነገርኩሽ። ልክ አላበጀሽለትም። አንሺልኝ ማለቱም መንገር እንዳይሆንብኝ ፈራሁ፤ እሷም ትመለሳለች ብዬ ጠበቅሁ።»

አንጓች ረስታው ነበር። «አንሥቼዋለሁ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነባት።

«ሦስት ቀን መጣች። ያን ድንጋይ ተሸክማ።» እማሆይ በመቋሚያቸው ምድጃውን ነካ አደረጉ። «እጅሽ መዛሉን ሰምታ ነው። ማታ ማታ ከበሽተኞቹ ዳስ ታድራለች፥ ሲነጋ ደጅሽ ትቆማለች። በሦስተኛው ቀን ወንዙ ሊሞላ ነው ቢሏት፥ ‹ድንጋዩን ልተውላት፤ ስትወጣ ታውቀዋለች፥ እኔም ወንዙ ሲጎድል እመለሳለሁ› ብላኝ ሄደች።»

«እሷ እኮ እህት የለኝም . . .»

አንጓች አልጨረሰችውም። ጠጄ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች።

«እኔ ለእኔ ያለችኝን ነው የምነግርሽ» አሉ እማሆይ። «‹ይቅር ባትለኝም ግድ የለም፥ ታስገባኝ ብቻ› አለችኝ። ባሏን አስፈቅዳ፥ እንዝርቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር የመጣችው። ‹እጇ እስኪመለስ እኔ እጅ እሆናታለሁ፤ ክሩን እኔ እወጥራለሁ፥ እሷ ሰሙን ታልብሰው። ካልተመለሰም እዚያው አብሬያት አረጃለሁ› አለችኝ።»

ግድግዳው ላይ ከሰኔ በፊት የተንጠለጠለው ክር አሁንም አለ። አንጓች ቀኝ እጇን ከጭኗ ላይ አንሥታ በግራ እጇ አቀፈችው።

«ውስጥ ሆነሽ ምን ብለሽ ነበር የምትለምኚው፥ ልጄ?» አሏት እማሆይ፥ ሊያሳዝኗት ሳይሆን ሳያውቁት ኖረው።

«እጅ» አለች አንጓች። «እጅ ስጠኝ ብዬ።»

አሮጊቷ መነኩሴ ጥላሸት የለበሰችውን ድንጋይ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ከዚያ ለማንም እንዳልሆነ ሁሉ፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «በሯን ዘግታ ስትለምን፥ መልሱ ደጅ አደረ» አሉ።