ጆሮው ደረቱ ላይ የነበረው ካሜራ

አንድ ጭጋግ የማይለየው ሐይቅ ዳር በተቆረቆረች ትንሽ ከተማ፣ አስካል የምትባል ቪዲዮ ቀራጭ ትኖር ነበር። ሠርግ ሲደገስ፣ ልጅ ክርስትና ሲነሳ፣ የከተማው ሰው የሚጠራው እሷን ነው። ካሜራዋ ከሰው እጅ የገዛችው ርካሽና ትንሽዬ የካሴት ካሜራ ነበር። ዓይኑ ግን ደግ ነው። ጠዋት ከሐይቁ የሚነሳው ጭጋግ በእሱ ሲታይ ወተት ይመስላል፤ ሙሽሮችም መሬት ሳይረግጡ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ሰዎች ቪዲዮአቸውን አይተው ሲጨርሱ፣ ከጣፋጭ እንቅልፍ እንደነቃ ሰው ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ። አስካል ያንን ዝምታ ትወደው ነበር።

ድምፁን ግን ማንም ነገሬ ብሎት አያውቅም። የሠርግ ቪዲዮ ሁልጊዜ ዘፈን ይጫንበታልና።

አንድ ቀን ፈትለወርቅ የምትባል ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ አስካል ሱቅ መጣች። ከሁለት ዓመት በፊት ሠርጓን የቀረጸችላት አስካል ነበረች።

«አስካልዬ፣ እናቴ ካረፈች አርባ ቀን ሆናት» አለች። «እስቲ ዘፈኑን አንሺልኝ። የመረቀችኝን ልስማ።»

አስካል ዋናውን ካሴት ፈልጋ አገኘችውና ካሜራው ውስጥ ከተተችው። በትንሿ ቴሌቪዥን ላይ እናትየው ብቅ አሉ፤ ነጭ ለብሰዋል፤ ሙሽራዋ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታለች። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የተሰማው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ካሴቱን የሚያዞረው የካሜራው የራሱ ሞተር ነው። ቀጥሎ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚመላለስ ትንፋሽ፣ ከዚያ ጣት ፕላስቲክ ሲያሽ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ድምፅ ጎላ ብሎ «ሙሽሪት ቀና በይ፣ ወደ መብራቱ» ሲል ተሰማ። ትንፋሹም፣ ጣቱም፣ ድምፁም የአስካል ነበር። በመጨረሻ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ አፍ «አሜን» አለ። እናትየው እንደገና ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። እንደገና «ዝዝዝ»። እንደገና «አሜን»።

ፈትለወርቅ እጇን ዘርግታ መስታወቱ ላይ የእናቷን አፍ ነካች።

«ምን ነበር ያለችኝ?»

«አንቺስ አታስታውሽም?» አለች አስካል በቀስታ።

«እኔማ እያለቀስኩ ነበር። አንድም ቃል አልያዝኩም። ካሜራው ይዞልኛል ብዬ ነው የተውኩት። አንቺ ግን አጠገቧ ነበርሽ።»

አስካል አንገቷን ደፋች። «ከሁለት እርምጃ አልራቅኩም። ግን መብራቱን ነበር የማየው።»

ፈትለወርቅ አልተቆጣችም። ነጠላዋን አስተካክላ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

አስካልን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ያስፈራት ጀመር። አባቷ በጀልባ ሰው ሲያሻግር የኖረ ሰው ነው። በደህናው ዘመን ከዚህ ዳር ሆኖ ሲጣራ ከወዲያ ዳር ያሉ መንገደኞች ዕቃቸውን ያነሱ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በፊት ግን ጉሮሮውን ታመመና ያ ድምፅ ጠፍቶ፣ የሐይቁ ዳር ደንገል በነፋስ ሲነካ የሚያሰማውን የመሰለ ሹክሹክታ ብቻ ቀረው። ሐኪሙ ይህ ሹክሹክታም ቢሆን ብዙ እንደማይቆይ ነግሮታል። ታናሽ እህቷ እቴነሽ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ልትዳር ነው። ከሠርጉ ማግስት ከባሏ ጋር ወደ ሩቅ አገር ትሄዳለች።

አባቷ አንድ ጠዋት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «እቴነሽን የምመርቃት በዚህች በቀረችኝ ድምፅ ነው» አላት። «ያዥልኝ። ሲከፋት ትስማው።»

አስካል ካሜራዋን በሻርፕ ጠቅልላ ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ወደ ጋሽ ላቀው ሄደች። የጋሽ ላቀው ግራ ጆሮ አይሰማም። ስለዚህ ሰው ሊያናግረው ሲመጣ የሚቀመጥባትን ዱካ ይጎትትና ጉልበት ለጉልበት እስኪነካካ ድረስ ይጠጋል። ከተማው ውስጥ እንደሱ የሚያዳምጥ ሰው የለም ይባል ነበር።

«ጋሼ፣ ለዚህ ካሜራ የማይክ መሰኪያ ያበጁለታል?»

ዱካውን ጎትቶ ተጠጋ። «ድገሚልኝ።»

ደገመችለት።

«ፋብሪካው ያልበሳውን እኔ ልብሳው?»

«አዎ።»

«ቢሞትብሽስ?»

«እንዲህ ደንቁሮ ከሚኖር ይሙት።»

ጋሽ ላቀው ሳቀ። «ደንቆሮ ቤት መጥተሽ ደንቆሮ ትሳደቢያለሽ?» አለና ከካቻቢቴዎቹ ሁሉ ትንሿን መርጦ ካሜራውን ፈታው። ውስጡ የተኛች የምስር ፍሬ የምታህል ክብ ነገር በጫፏ ነካ።

«ጆሮው ይቺ ናት። የት እንደተቀመጠች አየሽ? ከሞተሩ ጎን። ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጥፎ እንደሚሄድ ሰው በይው። የገዛ ልቡን እየሰማ፣ ዓለም ሁሉ እንዲህ ይመታል ይላል።»

ከዚያ የሚሠራውን አስረዳት። ከአሮጌ የስልክ ማዳመጫ የወጣች ማይክ አለችው፤ ረጅም ገመድ ይቀጥልላታል። አስካል ማይኳን ከሚናገረው ሰው ልብስ ላይ ትሰካታለች። የገመዱ ሌላ ጫፍ ካሜራው ጎን በሚበሳው ቀዳዳ ይገባል። እሱ ሲገባ የውስጡ ጆሮ ይቋረጣል።

«ይቋረጣል?» አስካል ደነገጠች። «የውጭው ቢከዳኝስ? አይሆንም ጋሼ፣ ሁለቱም ይስሙ።»

«ሁለቱም ከሰሙ ቅርቡ ሩቁን ይውጠዋል።»

«ግድ የለም። ሁለቱም ይሁኑ።»

ጋሽ ላቀው ጥቂት አያት። «እሺ። ካሜራው ያንቺ ነው። ሞክሪውና ነይ፤ እኔ የትም አልሄድ።»

በማግስቱ አባቷ ጀልባው ዳር ተቀምጦ ሳለ ማይኳን ጋቢው ላይ ሰካችና እንዲናገር ለመነችው። ተናገረ። ቤት ገብተው ሲከፍቱት «ዝዝዝ» አለ፤ የአስካልም ትንፋሽ ተከተለ። ከዚያ ሁሉ ሥር፣ በጭጋግ ውስጥ ከወዲያ ዳር እንደሚጣራ መንገደኛ ዓይነት፣ ቃሉ የማይለይ አንድ ድምፅ ነበር።

አባቷ ጆሮውን አቁሞ አዳመጠ። «የማን ጀልባ ነው? ሞተሩ ሊፈርስ ነው።»

«ጀልባ አይደለም አባዬ፣ የኔ ካሜራ ነው።»

«እኔ የታለሁ ታዲያ?»

«ከሥሩ ነህ» አለች አስካል። ሁለቱም ሳቁ። እሷ ግን ዓይኗ እንባ አዝሎ ነበር።

ወደ ጋሽ ላቀው ተመለሰች። እሱ ሌላ ሥራ እስኪጨርስ ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ለስላሳ ነው፤ ከውስጥ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ፍለጋ ያንሾካሹካል። እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት።

በሕልሟ ጆሮዋ ከራሷ ላይ እንደ ቅጠል ረገፈ። አላመማትም። ጆሮዋ በቀጭን ክር ታስሮ ውኃው ላይ እየተንሳፈፈ ሄደ። ክሩ ከእጇ ይተረተራል፤ ጭጋጉ ይከፈታል፤ ከደንገሉ መሃል ነጭ የለበሱ የፈትለወርቅ እናት ቆመው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጆሮዋ እየቀረበ ሲሄድ፣ በደረቷ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሞተር «ዝዝዝ» ሲል ሰማች። ዝም ላሰኘው ብላ ደረቷን በእጇ ጫነችው። እምቢ አለ። እናትየው ግን አልሄዱም። ዝም እስኪል ቆመው ጠበቋት።

ስትነቃ ጋሽ ላቀው ዱካውን አጠገቧ አድርጎ ተቀምጧል።

«ይቋረጥ ጋሼ» አለችው። «የውስጡ ይቋረጥ።»

ሌላ ነገር አልጠየቃትም። መበየጃውን አጋለ፤ ካሜራው ጎን በበሳው ቀዳዳ ውስጥ አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ አስገባ። «ገመዱ ሲገባ ይቺን ይገፋታል፤ የውስጡ ጆሮ ይዘጋል። ገመዱ ሲወጣ ደግሞ ትመለሳለች» አላት። «ለዘላለም አትስሚ አላልኩም። ሰውየው እስኪጨርስ ነው።»

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ዳሱ በሰው ሞላ። አስካል ማይኳን አባቷ ጋቢ ላይ፣ ከልቡ በላይ ሰካች። ካሜራው ድምፅ የሚሰማበት ማዳመጫ የለውም፤ ማይኳ በሕይወት ትኑር አትኑር ለማወቅ ካሴቱን ነገ መክፈት ግድ ነው። መሰኪያውን ደግማ ጠበቅ አደረገችው።

አንዱ ሚዜ ገመዱን አይቶ «አስኩ፣ አባትሽን እንዳይጠፉብሽ ነው ያሰርሻቸው?» አለና ዳሱን አሳቀው።

አስካል እየፈራች ወደ ሕዝቡ ዞረች። «እባካችሁ፣ አሜን ስትሉ ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ።»

«አሜን ዝቅ ይላል እንዴ ልጄ?» አሉ አንዲት አክስቷ። «ምርቃት የሚያርገው በምን ሆነና?»

ሁሉም በዚህ ተስማማ። ከበፊቱም አብልጠው ሊጮኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ገመዱ አጭር ስለነበር አስካል እንደ ወትሮዋ ዞር ዞር ማለት አልቻለችም። አባቷ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሆና ስታየው ብርሃኑ ጥሩ አልነበረም፤ የእቴነሽ ፊት በከፊል ጥላ ውስጥ ገብቷል። «ቀና በይ» ልትል አፏን ከፈተች። ዘጋችው። ጥላው ይሁን አለች።

እቴነሽ ጉልበቱን ሳመች። የአባቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ሕዝቡ «አሜን» አለ፤ ዳሱ ተንቀጠቀጠ። ደግሞ ተንቀሳቀሰ። «አሜን»። አስካል ከእግሩ ሥር ሆና እንኳ ግማሹን ቃል አልሰማችም። ዓይኗን ጨፍና ካሜራውን ጨብጣ ያዘች።

በማግስቱ ጠዋት ሙሽሮቹን ሸኝተው ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ካሴቱን ከፈቱ።

«ዝዝዝ» የለም። ትንፋሽ ተሰማ፤ የአስካል ግን አይደለም፤ ትንሽ የሚያፏጭ፣ የደከመ የአባቷ ትንፋሽ ነው። ከዚያ ያ ሹክሹክታ፣ ጆሮዋ ሥር ተቀምጦ እንደሚነግራት ሆኖ መጣ።

«እቴነሽ ልጄ። ሐይቁ ጠዋት እንደሚረጋ ልብሽ ይርጋ።»

አሜኑ ከሩቅ መጣ፤ ዳር ደርሶ እንደሚመለስ ማዕበል ለስለስ ብሎ አለፈ።

«የገባሽበት ቤት አይጭነቅሽ። ውለጂ፣ ክበጂ። ስትጣሪ የሚሰማሽ አትጪ።»

የመጨረሻው አሜን መጣ፤ ከሁሉም የጎላው እሱ ነበር። በዚያ ጩኸት መሃል አባቷ ሌላ ነገር ሲናገር ተሰማ። ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ፣ ፈጠን ብሎ ነበር የተናገረው።

«ጌታዬ፣ ይቺን እግሬ ሥር ያለችውንም እያት። የሰው ደስታ ስትለቅም ለራሷ ያላስቀረች ልጄን አስካልን። እሷም የሚሰማት አትጣ።»

አስካል ካሴቱን አቆመች። በመስኮቱ በኩል ጭጋጉ ከውኃው ላይ እየተነሳ ነበር።

«ይህን መቼ አልከው አባዬ?»

አባቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «በየሠርጉ ካሜራሽን ይዘሽ ከቤት ስትወጪ እለዋለሁ። ትላንትና ነው የያዝሽው።»

ክረምቱ ሳይገባ የአባቷ ድምፅ ጨርሶ ጠፋ። ካሴቱ ግን አለ፤ ግልባጩም ሩቅ አገር እቴነሽ ዘንድ አለ። የፈትለወርቅ እናት ቃል አልተገኘም፤ ያለፈው አልፏል። አስካል ይህን ልትነግራትና ይቅርታ ልትጠይቃት ቤቷ ድረስ ሄደች። ፈትለወርቅ ጥቂት ካሰበች በኋላ ሕፃን ልጇን ታቅፋ መጣችና «እንግዲያስ የኔን ምርቃት ለሷ ያዥልኝ» አለቻት። አስካል ማይኳን የፈትለወርቅ ነጠላ ላይ ሰካችና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ይህን ታሪክ የምታነቡ ሁሉ፣ የብዙዎቻችን ጆሮ እንደዚያ ካሜራ ጆሮ ደረታችን ላይ ነው ያለው። ሰው ሲያናግረን የምንሰማው የራሳችንን ሞተር፣ የራሳችንን ትንፋሽ፣ ቀጥለን የምንለውን ነው። ከዚያ በኋላ «ምንም አላለኝም» እንላለን። መጠጋት ብቻውን አይበቃም፤ አስካል በፊትም ቢሆን ከሁለት እርምጃ አልራቀችም ነበር። ሌላው እስኪጨርስ የውስጡን መዝጋትም ያስፈልጋል። ምናልባት በዚያ ዝምታ ውስጥ የምንሰማው የገዛ ስማችንን ሊሆን ይችላል፤ ስንት ጊዜ በፍቅር ሲጠራ የኖረ፣ እኛ ግን ሰምተነው የማናውቅ።

ዛሬ ቤታችሁ ውስጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ የምታዩት፣ ድምፁን ግን ያልሰማችሁት ሰው ማን ነው?