ፊታውራሪ የበረሩ ዕለት

ፊታውራሪ ጓንጉልን በቅሏቸው ደንብራ፣ አጃቢው ሁሉ እያየ፣ ከአንዲት ሴት ደጃፍ የፍግ ክምር ላይ በግንባራቸው ደፋቻቸው። ሴትዮዋ ማሽላዋን ከምታበጥርበት ብድግ አለችና፣ ሰው ሲወድቅ እንደሚባለው፣ «እኔን ይድፋኝ!» አለች።

ፊታውራሪ ፍጉን ከጢማቸው ሳያራግፉ ደነፉ። «ማን ወደቀና ነው እኔን የምትይው? በረርኩ እንጂ! አልበረርኩም እናንተ?»

«በረሩ እንጂ ጌታችን! እንደ ንስር!» አለ አጃቢው በአንድ አፍ።

«ሰማሽ? በይ ያየሽውን ተናገሪ። ወደቁ ያልሽ እንደሆነ ጅራፍ ነው!»

ሴትዮዋ ጅራፉን አየት አደረገችና እጅ ነሳች።

«አጥፍቻለሁ ጌታዬ፣ በረዋል። ንስር መቼም የሚያርፈው ቦታውን ከላይ ሆኖ አይቶ፣ መርጦ ነው። ይሄን ሁሉ መስክ ትተው የእኔን ፍግ ከመረጡ፣ ደስ እስኪልዎ ይቀመጡበት። እኔም ለአገሩ ሁሉ፣ ‹ፊታውራሪ ወደውና ፈቅደው ፍግ ላይ አረፉ› ብዬ እመሰክራለሁ።»

አጃቢው ሳቁን በኩታው አፈነ። ፊታውራሪ አንዴ መስኩን፣ አንዴ ፍጉን አዩ።

«ኧረ ተይው፣ ወድቄ ነው!» አሉ። «ይልቅ ያንን የቅድሙን ‹እኔን› በይልኝ።»